ማንም የማያነበው ደብተር

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኮረብታና ሐይቅ በሚፈራረቁበት አገር፣ ኒር ሶሪ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ዲሴምበር 22 ቀን 1943 (በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወይዘሮ ሂሊስ የተባለች የ77 ዓመት ሴት በዚያች መንደር አረፈች። ጎረቤቶቿ የሚያውቋት በወፍራም የሱፍ ቀሚሷና ሄርድዊክ በሚባሉት የተራራ በጎቿ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስትገዛ የኖረችውን ከ4,000 ኤከር የሚበልጥ መሬት ለአገሩ ቅርስ ጠባቂ ድርጅት፣ ለናሽናል ትረስት ተናዝዛለች። የቀረው ዓለም የሚያውቃት ግን በሌላ ስም ነበር፦ ሰማያዊ ኮት የለበሰውን ጥንቸል፣ ፒተር ራቢትን፣ ጽፋም ሥላም ለልጆች ያበረከተችው ቢያትሪክስ ፖተር።

ከሞተች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በኖረችበት ካስል ኮቴጅ በተባለው ቤት አንድ ጥቅል ተገኘ። ውስጡ የተማሪ ደብተሮችና የተበታተኑ ወረቀቶች ነበሩበት። ገጾቹ ከዳር እስከ ዳር ክፍተት ሳይቀራቸው በጽሕፈት ተሞልተዋል። አንዳንዱ ምልክት የግሪክ ፊደል ይመስላል፤ አንዳንዱ የጀርመን፤ አንዳንዱ ደግሞ ጸሐፊዋ ራሷ የፈጠረችው እንጂ በየትኛውም አገር ፊደል ውስጥ የሌለ ነው። መሀል መሀል ላይ 2፣ 3 እና 4 የሚሉ ቁጥሮች ጣልቃ ይገባሉ። ጽሕፈቱ ዓመት በዓመት እያነሰ ሄዶ፣ በኋለኞቹ ገጾች ላይ ያለ ማጉያ መነጽር አንዱን መስመር ከሌላው መለየት እንኳ ያስቸግራል። ጥቅሉን የገለጠ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሳያነብ መልሶ ዘጋው።

በዚያ ዘመን በኤሴክስ፣ በክኸርስት ሂል በሚባል ሰፈር፣ ሌስሊ ሊንደር የሚባል መሐንዲስ ይኖር ነበር። ሥራው ከከባድ ዕቃ ማንሻ መሣሪያዎች ጋር ነው። ትርፍ ጊዜውን ግን ከእህቱ ከኢኒድ ጋር የቢያትሪክስ ፖተርን ሥዕሎች፣ ንድፎችና ደብዳቤዎች በማሰባሰብ ያሳልፍ ነበር፤ ሁለቱ አብረው ያዘጋጁት የሥዕሎቿ መጽሐፍም በ1955 ታትሟል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ስለዚያ ጥቅል የነገረችው ስቴፋኒ ዱክ ነበረች። ስቴፋኒ የቢያትሪክስ ዘመድ ናት፤ ሕፃን ሳለች የእንቁራሪቱን የጄረሚ ፊሸርን መጽሐፍ ቢያትሪክስ በመታሰቢያነት የሰጠችው ለእሷ ነው። ሊንደር ወረቀቶቹን ሲያይ ወዲያው ሊፈታቸው እንደሚገባ ተሰማው። እንዴት እንደሚፈታቸው ግን አላወቀም።

እያንዳንዱ ምልክት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ተክቶ ቢቆም ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። እንዲህ ያለውን ጽሕፈት የሚፈቱ ሰዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት ደጋግሞ የሚመጣውን አጭር ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ከሁሉ የሚዘወተረው ቃል ደግሞ «ዘ» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል መስተአምር ነው። ሊንደር ያላወቀው፣ ቢያትሪክስ ያንን በር ገና በልጅነቷ ዘግታው እንደነበር ነው። «ዘ» በማለት ፋንታ 3 ትጽፋለች፤ በ«ቱ» ፋንታ 2፣ በ«ፎር» ፋንታ 4። በዚያ ላይ ምልክቶቹን በፍጥነት ስለጻፈቻቸው እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ አንዱ የት እንዳለቀ፣ ሌላው የት እንደጀመረ አይታወቅም። ሊንደር ወረቀቶቹን አንሥቶ ይሞክራል፣ ይተዋል፤ ወራት ቆይቶ እንደገና ያነሣቸዋል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነበት። ዓመታት አለፉ፤ እሱም ይህ ነገር ጨርሶ አይፈታ ይሆናል ወደሚለው ሐሳብ አዘነበለ።

በ1958 የፋሲካ ማግስት ሰኞ ሆነ። በእንግሊዝ ያ ቀን ሥራ የማይገባበት በዓል ነው። ሊንደር ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ሙከራ ላድርግ አለ፤ ይሳካል ብሎ ሳይሆን ጊዜውን ለማሳለፍ ያህል። ከወረቀቶቹ መሀል እጁ የገባለትን አንዱን ሳይመርጥ አወጣ። ዐይኑ መስመር ለመስመር ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። በዚያ ሁሉ የምልክት ጫካ ውስጥ ሁለት ነገሮች ሳይሸፈኑ ቁጭ ብለው ነበር፦ በሮማውያን አኃዝ የተጻፈ 16፣ እና 1793 የሚል ዓመተ ምሕረት።

አሥራ ስድስተኛው ማን? ጳጳስ ይሆን? ንጉሥ? በዚያ ዓመትስ ምን ደረሰበት? ሊንደር ታሪካዊ ቀኖች የተመዘገቡበት መዝገብ አወጣና ፈለገ። የሚረዳው ነገር አላገኘም። መጽሐፉን ዘግቶ ወደ መኝታው ቢሄድ ኖሮ የደብተሩ ታሪክ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ነገር ግን አጠገቡ የልጆች ኢንሳይክሎፒዲያ ነበርና ማውጫውን ገለጠ። እዚያ ላይ 16ኛው ሉዊን አገኘ፤ የፈረንሳይ ንጉሥ፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1793 ፓሪስ ላይ በጊሎቲን አንገቱ የተቀላ።

ሊንደር ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እዚያው ሁለተኛዋ ምልክቷ ልክ እንደ እንግሊዝኛው ኤክስ የሆነች አንዲት ቃል ነበረች። በሞት መቀጣትን የሚገልጸው የእንግሊዝኛ ቃል «ኤክሲኪዩሽን» ነው፤ በዚያ ቃል ውስጥም ኤክስ ሁለተኛ ቦታ ላይ ትገኛለች። ቢያትሪክስ ሌሎቹን ፊደላት ስትለውጥ ኤክስን እንዳለች ትታት ነበር። ቃሉ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ በአንድ ጊዜም የስምንት ፊደላት ምስጢር ተገለጠ። ስምንቱ ሌሎቹን ጎተቱ። በዚያች ሌሊት፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ ሊንደር ከሞላ ጎደል ሙሉውን ፊደል በእጁ አስገብቶ ነበር።

አሁን የቀረው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ይህን ያህል የተደበቀው ምንድን ነው?

የተሸሸገ ወረቀት ሲገኝ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፍቅርን ነው። ለጥርጣሬው ደግሞ ምክንያት አልጠፋም። ቢያትሪክስ ኖርማን ዎርን የሚባል እጮኛ እንደነበራት የሕይወት ታሪኳን የጻፈችው ማርጋሬት ሌን በ1946 አሳውቃ ነበር። የወጣትነቷ ዘመን ግን ዝም ያለ ነው። በ1866 ለንደን ውስጥ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደች። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ያስተማሯት ቤት ድረስ የሚመጡ ሴት አስተማሪዎች ናቸው። ጓደኞቿ ታናሽ ወንድሟ በርትራምና በክፍላቸው የሚያሳድጓቸው ጥንቸሎች፣ አይጦችና የሌሊት ወፎች ነበሩ። በርትራም ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሄድ እሷ ብቻዋን ቀረች። ደብተሩ የሚጀምረው በ1881፣ የ15 ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ የሚያልቀው ደግሞ ሠላሳ ዓመት ከሞላት በኋላ። እንዲህ ያለች ልጅ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንን ትደብቃለች?

ሊንደር ቁጭ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ከገጾቹ የወጣው ግን የወንድ ስም አልነበረም። ሥዕል ነበር።

ልጅቷ አባቷ ወደሚወስዷት የሥዕል ትርኢት ሁሉ ትሄዳለች፤ ቤት ስትመለስም ያየችውን አንድ በአንድ ትመዝናለች። በ1883 መጀመሪያ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆና፣ በሮያል አካዳሚ የጥንት ሊቃውንትን ሥራዎች አየች። ከዚያ ሁሉ መሀል አንጀሊካ ካውፍማን የተባለችው ሠዓሊ የሠራችው ሥዕል ፊት ቆመችና፣ ሴት ምን መሥራት እንደቻለች ያሳያል ብላ መዘገበች። ሌላ ጊዜ ደግሞ የማይክል አንጀሎ ነው የተባለ ሥራ ገጠማት። የዚያን ዘመን የለንደን ሰው ያንን ስም ሲሰማ ባርኔጣውን ያወልቃል። እሷ ግን ይህን የሚያነብ ሰው የለምና ሳልፈራ እናገራለሁ ብላ ጀምራ፣ ሥዕሉ አስቀያሚ እንደሆነና አሣሣሉም ደካማ እንደሆነ ጻፈች።

ሊንደር የፈለገው ቁልፍ በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ልጅቷ ሸሽጋው የኖረችው ነገር የራሷን ፍርድ ነው። ውብ የተባለውን ውብ አይደለም ማለት፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ነገር ውብ ነው ማለት፣ በዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ ለአንዲት ልጅ አይፈቀድም። በዚያ ፊደል ግን የፈለገችውን ማለት ትችላለች።

ዳኝነቷ ወደ ራሷም ዞሯል። በ1885 ታማ ፀጉሯ በአጭሩ ተቆርጦ ነበር። በዚያው ዘመን ውበቷ በዘመድ አዝማድ ሁሉ የተመሰከረላት አንዲት የአጎቷ ልጅ ቤተሰቡ ያልወደደውን ሰው ልታገባ መሆኑ ተሰማ። ቢያትሪክስ በደብተሯ ላይ፣ ውበት መጨረሻው ይህ ከሆነ እኔ ቀይ አፍንጫዬና የተቆረጠ ፀጉሬ ይበቁኛል፤ ደስታ ከሌለው ትዳር ብቸኝነት ይሻለኛል ስትል ጻፈች። ሃያ ዓመት ያልሞላት ወይም ገና የሞላት ልጅ ናት። ምሬት ይኖርበታል፤ እኔ ግን ከምሬቱ ይልቅ ቆራጥነቱ ጎልቶ ይታየኛል።

ከዚያ ወዲያ ዐይኗ የሚያርፍበትን ነገር መከተል ነው። ከበርትራም ጋር የሞቱ እንስሳትን አጥንት እየለዩ ይሥላሉ። በስኮትላንድ ደን ውስጥ እንጉዳይ ትለቅማለች፤ ቻርልስ ማኪንቶሽ የሚባል የመንደር ፖስተኛ ስለ እንጉዳይ የሚያውቀውን ያካፍላታል፤ እሷም የእያንዳንዱን ቀለምና እጥፋት በውሃ ቀለም ታስቀምጣለች። በ1884 መጸው ላይ የጻፈችው ደግሞ ስለ ሥዕል ፍላጎቷ የሰጠችው ሙሉ ኑዛዜ ነው። ዐይኗን የሳበውን ውብ ነገር ሁሉ ቀድቶ የማስቀመጥ ፍላጎት እንደሚይዛትና ልታሸንፈው እንደማትችል፣ ልቧ በሚከፋበት ጊዜ ደግሞ እንደሚበረታባት ትናገራለች። አንድ ቀን፣ በጣም በከፋት ሰሞን፣ ጓሮ ቆማ የምግብ ትርፍራፊ የሚደፋበትን ባልዲ በአድናቆት፣ በጥንቃቄ ስትሥል ራሷን አገኘችው። ሣቋ መጣ፤ ሣቁም ከሐዘኗ አወጣት። ይህን ገጽ ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ የአትክልት ማጠጫውን፣ የጎመኑን ቅጠል፣ የተገለበጠችውን የሸክላ ማሰሮ በመጽሐፎቿ ውስጥ ሲያይ ከየት እንደመጡ ያውቃል።

በደብተሩ ውስጥ ጎልቶ የሚታይ አንድ ወንድ ቢኖር ጆን ኤቨረት ሚሌ ነው፤ በዘመኑ እንግሊዝ ውስጥ እጅግ የተከበረ ሠዓሊና የአባቷ የሩፐርት ወዳጅ። ሩፐርት ፎቶ ማንሣት ይወዱ ስለነበር ለሚሌ ሥዕሎች የሚያገለግሉ ፎቶዎችን ያነሡለት ነበር። ቢያትሪክስ በልጅነቷ ሰውየውን በጣም ትፈራው ነበር። በ1896 ሲሞት ግን በፍቅር አስታወሰችው፤ መሣል የሚችል ሰው ብዙ ነው፣ አንቺ ግን አስተውለሽ የማየት ስጦታ አለሽ ብሎ እንደነገራትም መዘገበች። ደብተሩ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተደሰተችበትን ቃል መፈለግ ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ ገጾቹ ጥቂት ናቸው። ጃንዋሪ 31 ቀን 1897 ላይ ደብተሩ ተቋረጠ። ፍቅር በእርግጥ ሲመጣ ቢያትሪክስ በምስጢር መጻፏን ካቆመች ስምንት ዓመት ሆኗት ነበር።

የመጣውም በጥንቸሉ በኩል ነው። ኖኤል ሙር ለሚባል የታመመ ሕፃን፣ የቀድሞ አስተማሪዋ ልጅ፣ በሴፕቴምበር 1893 በሥዕል የላከችውን ደብዳቤ ወደ መጽሐፍ ለወጠችው። አሳታሚዎች ስላልተቀበሏት በ1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። በዓመቱ ፍሬድሪክ ዎርን የተባለው ድርጅት ተቀበላት። ከድርጅቱ ሦስት ወንድማማቾች ታናሹ ኖርማን የእሷን መጽሐፎች ይከታተል ጀመር። ኖርማን በእጁ የሚሠራ ሰው ነው። ለወንድሙ ልጅ የአሻንጉሊት ቤት ሠርቶላት ነበርና ቢያትሪክስ ሁለት ክፉ አይጦች ያንን ቤት ሲበረብሩ ልትሥል ፈለገች። ቤቱን ለማየት ወደ ወንድሙ ቤት እንዳትሄድ እናቷ ከለከሏት። ኖርማን ቤቱን ፎቶ አንሥቶ፣ አሻንጉሊቶቹንም ገዝቶ ላከላት፤ የምትሥላትንም አይጥ እያየች እንድትሥል ፊቱ መስታወት የሆነ ሣጥን ሠራላት። መጽሐፉ በ1904 ወጣ። አንድ ሰው ለሚወዳት ሴት ከዚህ የተሻለ ሊያደርግላት የሚችለው ብዙ አይመስለኝም፤ የምታየውን ነገር እንድታየው ረዳት።

ጁላይ 25 ቀን 1905 በደብዳቤ ላግባሽ ብሎ ጠየቃት። እሺ አለች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር። ወላጆቿ ግን ነጋዴ አታገቢም አሉ፤ የራሳቸው ሀብት ከአባቶቻቸው የጥጥ ፋብሪካ የመጣ ሆኖ ሳለ። ቀለበቱን ማድረግ ተፈቀደላት፤ ወሬው ግን ከሁለቱ ቤተሰቦች እንዳይወጣ ተባለ። አንድ ወር ቆይቶ፣ ኦገስት 25፣ እሷ ዌልስ ውስጥ ሳለች፣ ኖርማን በ37 ዓመቱ በደም ካንሰር ሞተ።

ለእህቱ ለሚሊ በጻፈችው ደብዳቤ ላይ የጄን ኦስተንን «ፐርስዌዥን» የተባለ ልብ ወለድ እንዳነበበች፣ የእሷም ታሪክ እንደ ልብ ወለዱ ባለታሪክ በትዕግሥትና በመጠበቅ የተቃና መስሏት እንደነበር አስታወሰች። በዚያው ዓመት መጸው በኒር ሶሪ ሂል ቶፕ የተባለውን እርሻ ገዛች። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ወይዘሮ ሂሊስ ከሆነችም በኋላ፣ እርጥብ ነዶ ስታነሣ የኖርማን ቀለበት ከጣቷ ወልቆ ጠፋ፤ እስኪገኝ ድረስ እህሉን አገላብጣ ፈለገችው፤ ተገኘም።

ዊልያም ሂሊስ ሐውክስሄድ ውስጥ የሚኖር ጠበቃ ነበር። መሬት ስትገዛ ሰነዱን ያስፈጽምላታል፤ እሷ ለንደን ከወላጆቿ ጋር ስትሆን እርሻውን ይጎበኝላታል። በ1912 ጠየቃት። ወላጆቿ አሁንም እምቢ አሉ። በዚህ ጊዜ ያልተጠበቀ ሰው ተናገረ። በርትራም ብድግ ብሎ፣ እኔ ከ11 ዓመት በፊት አግብቻለሁ፣ ሚስቴም ስኮትላንድ እርሻዬ ላይ ከእኔ ጋር ትኖራለች ብሎ ለወላጆቹ ገለጠ። በዚያ ቤት ውስጥ ምስጢር የጠበቀችው እሷ ብቻ አልነበረችም። ኦክቶበር 15 ቀን 1913 ቢያትሪክስ በ47 ዓመቷ ዊልያምን አገባች፤ እስክትሞትም ለሠላሳ ዓመታት አብረው ኖሩ።

ይህን ሁሉ ሊንደር ከደብዳቤዎችና ከሰዎች ቃል ያውቅ ነበር። ከፊቱ የቀረው ሥራ ግን ደብተሩ ነው። ቁልፉን ማግኘት አንድ ነገር፣ ደብተሩን ማንበብ ሌላ ነገር ሆነ። በመጀመሪያ ጽሕፈቱ ተለቅ ባለባቸው የልጅነት ገጾች የእጅ ጽሕፈቷን ለመደ፤ ከዚያ ወደ ደቃቆቹ ተሻገረ። የሥዕል ርእስ፣ የሰው ስም፣ የቦታ ስም በመጣ ቁጥር ትክክል ማንበቡን በሌላ ሰነድ ያመሳክራል። በትርፍ ጊዜው ብቻ የሚሠራ ሰው ወደ 200,000 የሚጠጋ ቃል እንዲህ አድርጎ ገለበጠ። መጽሐፉ በ1966፣ ቢያትሪክስ በተወለደች በመቶኛው ዓመት፣ ያው በዎርን ድርጅት ታተመ።

ለመሆኑ ራሷ ቢያትሪክስ ስለዚህ ጽሕፈት ተናግራ ታውቃለች? አንድ ጊዜ ተናግራለች። በኖቬምበር 1943፣ ከመሞቷ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ለዘመዷ ለካሮላይን ክላርክ ደብዳቤ ጻፈች። በወጣትነቷ የምትጽፈው ነገር ሳይኖራት የመጻፍ ፍላጎት እንደነበራት፣ ያየችውንና የሰማችውን በአንድ ዓይነት ምስጢራዊ ጽሕፈት ታሰፍር እንደነበር ነገረቻት፤ ያንን ጽሕፈት ግን አሁን በማጉያ መነጽር እንኳ ማንበብ አልችልም አለች። ሊንደር በዚያች የፋሲካ ማግስት ሰኞ ሌሊት ያነበበው፣ ባለቤቷ ራሷ ማንበብ ያቃታትን ነበር።